የሙታን ጠባቂ ወይስ የሕያዋን ጠበቃ?

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን «የራሱን ድርሰት የማይደርስ ሙዚቀኛ በሰው ምጣድ የሚጋግር ነው» ሲል ጽፎልናል። በምሳሌነት ያነሣውም የኮንሰርት ኦርጋን ተጫዋቾችን ነው፤ በ1750 የሞተውን ባክን እየደጋገሙ ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ አለ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው!

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኛ ዘንድ ኦርጋን ሲባል ትዝ የሚለን የሠርጉ ቤት ኪቦርድ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ሌላ ነው፤ ነፋስ በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በብዙ ሺህ ቧንቧዎች ውስጥ እየገባ የሚጮህ፣ በሁለት እጅና በሁለት እግር የሚጫወቱት፣ ከሕንፃው ጋር አብሮ የተተከለ መሣሪያ። ቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያውን በብብቱ ሸጉጦ ይዞራል። ኦርጋን ተጫዋችን ግን በየከተማው የማያውቀው መሣሪያ ይጠብቀዋል፤ ሁለት ኦርጋኖች አንድ ዓይነት አይደሉምና። ስለዚህ ከኮንሰርቱ በፊት ሰዓታት ተቀምጦ፣ የትኛው የቧንቧ ረድፍ ከየትኛው ጋር ቢጮህ ድርሰቱ እንደሚገለጥ እየሞከረ ይመርጣል። ይሄ ነው እንግዲህ «መደጋገም» የተባለው!

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ማሪ-ክሌር አላን በ1926 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ቤታቸው ውስጥ ኦርጋን የሠራ ሙዚቀኛ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ዣን ደግሞ ደራሲ ነበር። ጁን 20 ቀን 1940 ዣን ሶሙር አጠገብ ከጀርመን ጦር ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ዕድሜው 29 ነበር፤ እህቱ ገና 13።

ልብ በሉ! በዚያች ቀን ከ100 በላይ ድርሰቶች ያለ አባት ቀሩ። ኖታ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ብቻውን አይጮህም። ታዲያ ማን ያሰማቸው? ልጅቷ አደገች፣ ኦርጋን ተማረች፣ ዓለምን ዞረች። የባክን ስም አይቶ የመጣውን አድማጭ የወንድሟንም ሥራ አሰማችው፤ በሸክላም አስቀረችው። «ሊታኒ» የተባለው የ1937 ድርሰቱ ዛሬ በየአገሩ ሲሰማ የእሷ ድርሻ ቀላል አይደለም። ይህች ሴት በሰው ምጣድ ጋገረች ወይስ የሰው እሳት እንዳይጠፋ ጠበቀች?

ባክንም ቢሆን እንዲሁ አልደጋገመችም። የኦርጋን ሥራዎቹን በሙሉ ሦስት ጊዜ ቀርጻለች። ስለ ጥንቱ አጨዋወት የሚታወቀው እያደገ ሲሄድ የገዛ ሥራዋን ለማረም አላፈረችም። እስቲ ከመካከላችን የመጀመሪያ ግጥሙን እንኳ ለማረም የሚደፍር ስንት አለ?

ጓደኛችን ግማሽ እውነት አለው፤ አልክድም። አዳራሽ ስለሚሞላላቸው ብቻ የታወቀውን እየመረጡ የሚጫወቱ ሞልተዋል። አዲስ ሥራ መጫወት ዋጋ ያስከፍላላ! በ1962 ካርል-ኤሪክ ቬሊን የሊጌቲን «ቮሉሚና» ጎተንበርግ ላይ ሲለማመድ የኦርጋኑ ኤሌክትሪክ ተቃጠለ፤ ይሄን የሰማው የብሬመን ካቴድራል በሩን ዘጋበት። ድርሰቱ ግን አልሞተም፤ እልኸኛ ተጫዋች አግኝቷልና።

የእኛም የአብነት ተማሪ ይሄን ያውቃል። ዜማውን ከመምህሩ ሳያዛንፍ ይቀበላል፤ ቅኔውን ግን አዲስ መቁጠር አለበት። ዜማ ተቀባዩን ሌባ ያለው የለም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ግን ይሳቅበታል። ሙሉ ሰው የሚያደርገው ሁለቱን መያዙ ነው።

ስለዚህ ክሱ ይታረም። ተጫዋች የሚወቀሰው የሰው ሥራ በመጫወቱ አይደለም፤ ጠበቃ የማያስፈልጋቸውን ብቻ መርጦ፣ ጠበቃ ያጡትን በመተዉ ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘንን እኛስ የት ነን? በየሥነ ጽሑፍ ምሽታችን የምናነበው ጭብጨባው የተረጋገጠውን የታወቀ ግጥም ነው፤ የዶርም ጓደኛችን ደብተር ግን ፍራሽ ሥር ይበሰብሳል። በሚቀጥለው ምሽት መድረክ ላይ የምትወጣ ሁሉ፣ አንድ የታወቀ አንብብ፤ አንድ ደግሞ ማንም ያልሰማው። ፍራሽ ሥር ካለው ደብተር ጀምር።

ጓደኛችን መልስ ካለው ገጹ ክፍት ነው።