ጓዝና ጀበና

ቤት ለመለወጥ የተነሣችሁ እንደ ሆነ ጀበናውን ከሁሉ በኋላ ጫኑት፤ መጨረሻ የተጫነ አስቀድሞ ይወርዳልና። መዛወር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው በወረደ ጓዝ የተቆረቆረች ናት። አጫጫኑን የሚያውቁበት ግን ዛሬም ጥቂቶች ናቸው። እኛም ከአዳማ ወደ ላንጋኖ ስንዛወር ጀበናችንን ከአልጋና ከቁም ሣጥን ሥር ቀብረነው ነበር። ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አልፈን ስንደርስ ምጣዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። እናቴ ቡናማውን ሐይቅ አይታ፣ «ቡናውስ ሞልቷል፤ የጠፋው ጀበናው ነው» ብላ ሣቀች። ዕቃ ሊያወርዱልን የመጡትን ጎረቤቶች በደረቁ መሸኘት ግን አሳፈረን። ቁም ሣጥን ሳምንት ቢዘገይ ማንም አይቀየምም፤ ቡና ከዘገየ ግን ባዕድ እንደ ሆናችሁ ታድራላችሁ። ከዚህ ያዳኑን የራሳቸውን ጀበና ይዘው የመጡ አንዲት ጎረቤት ናቸው።