የጠፋ ሰው ፍለጋ አማና ነው፤ ማስረጃውም አማና ነው



በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጎንደር ከተማ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ታግታ፣ ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባት፣ በመጨረሻም ተገድላ ተገኘች። ከተማው በሐዘንና በቁጣ አደባባይ ወጣ። ፍትሕ ለመጠየቅ በተወጣበት ሰልፍ ላይም ተጨማሪ የሰው ሕይወት መጥፋቱ ተዘገበ። ሐዘኑ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ እምነት ብቻ አልነበረም፤ ልጅ ያለው ሁሉ ሐዘን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር በየእድሩ፣ በየመስጂዱ ግቢና ቡና በሚጠጣበት ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ሰው ጠፍቶ ተገድሏል ተብሎ ሲሰጋ ማስረጃውን ማን ይፈልግ? እንዴት ይፈለግ? የእኛ የነዋሪዎቹስ ድርሻ ምንድን ነው?

አቋማችንን ከመነሻው ግልጽ እናድርግ። የጠፋን ሰው መፈለግ፣ የገዳዩንም ዱካ ሳይበላሽ መጠበቅ በሁላችንም ላይ ያለ አማና ነው። መንግሥት ይህን ሥራ በሕግ አግባብና ሳይዘገይ እንዲሠራ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለን። ነገር ግን ማስረጃን በወሬ የመተካት፣ የአንድን ወንጀለኛ ጥፋትም በአንድ እምነት ተከታዮች ሁሉ ላይ የመጫን መብት የለንም። መንግሥትን ማስረጃ አምጣ የምንል ሰዎች ራሳችን ያለ ማስረጃ ስንፈርድ ከተገኘን ጥያቄያችን ጉልበት ያጣል።

የጎንደር ሙስሊም ማስረጃ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል በደሙ ያውቃል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በተከበረው የረመዷን ወር፣ የአንድ ታላቅ ሸይኽ ጀናዛ ሊቀብር በሸህ ኤልያስ መካነ መቃብር የተሰበሰበ ሕዝብ ጥቃት ደረሰበት። በጊዜው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት በዚያው ወር መጨረሻ ባወጡት መግለጫ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን ጠቅሰው ፈጣን፣ ገለልተኛና ግልጽ ምርመራ እንዲደረግ ጠይቀዋል። ያ መግለጫ ሌላም ነገር ይዟል። የጎንደሩ ወሬ ርቆ በተሰማበት በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ክርስቲያን ወገኖችም በግፍ ተገድለዋል። ጎንደር ላይ የወደቀውን ሙስሊም ወራቤ ላይ የሚኖር ክርስቲያን አልገደለውም። ገዳዩ በስሙ ተለይቶ ለፍርድ ሳይቀርብ ሲቀር ግን ሰው በአንገቱ ማተብ ወይም በራሱ ኮፍያ ይፈረድበታል። ለዚህ ነው የማስረጃ ፍለጋ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረው። ፍለጋው የጎረቤቶች ሰላም ጉዳይም ነው።

ሰፈርን በጅምላ ተጠርጣሪ ማድረግ በጎንደር ቀላል ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሙ በተለየ ሰፈር እንዲኖር ከተወሰነ ጀምሮ የእስላም ሰፈር የሚባል አለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ሰፈር ግን ወንጀል አይሠራም። ወንጀል የሚሠራው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የጣት አሻራ ያለው ሰው ነው።

የተቀነባበረ ማስረጃ ምን እንደሚያደርግም እናውቃለን። በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው የሙስሊሙ ሰላማዊ እንቅስቃሴ የተመረጡ ወኪሎች ታስረው ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ በ2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቃሉን ሳይጨርስ በቴሌቪዥን ጥፋተኛ ተደረገ። በራሳችን ላይ ሲደርስ «ይህ ፍትሕ አይደለም» ያልነውን፣ በሌላው ላይ ሲደርስም በዚያው ድምጽ እንላለን። የአንድን ተጠርጣሪ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፉ «ገዳዩ ይኸው» ማለት ካሜራው በእኛ እጅ ስለሆነ ብቻ ፍትሕ አይሆንም።

ዲናችን በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ የጠፋ ልጅ ታሪክ ነው። ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ሲመለሱ የውሸት ደም የነካው ቀሚሱን ለአባታቸው አቀረቡ። ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በሐዘን ተሰብረው እያለም ነገሩ ነፍሳቸው ያሳመረችላቸው እንደሆነ አወቁ፤ ያንን ደም አምነው ልጃቸውን የሞተ አላደረጉም። ኋላ ደግሞ ዩሱፍ በሐሰት ሲከሰስ ሌላው ቀሚሱ ከኋላ በኩል መቀደዱ ታይቶ ንጽሕናው ተረጋገጠ። አንዱ ቀሚስ የተፈበረከ ማስረጃ ነበር፤ ሌላው እውነተኛ። ልዩነቱን ያወጣው ረጋ ብሎ መመርመር እንጂ ጩኸት አልነበረም።

በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህል የተባለ ሶሃባ በኸይበር ተገድሎ ተገኘ። ቤተሰቦቹ የጠረጠሩት በዚያ የሚኖሩትን አይሁዶች ነበር። የተጠየቁት ማስረጃ ወይም መሐላ ነው፤ እነሱ ግን ባላዩት ነገር ለመማል አልደፈሩም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ማንንም በጥርጣሬ ብቻ አልቀጡም፤ የሟቹ ደም ከንቱ እንዳይቀር ግን ካሳውን 100 ግመል ራሳቸው ከፈሉ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፦ የሟች ደም ችላ አይባልም፤ ያልተረጋገጠ ሰውም አይቀጣም። የተጠረጠረው ወገን እምነቱ ሌላ መሆኑ ሚዛኑን አልቀየረውም።

የደጋው ሕዝብም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከወገራ እስከ ደባርቅ ያሉ አባቶች አውጫጭኝ ያውቃሉ፤ በሸዋ አፈርሳታ ይባላል። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲነዳ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እየማለም ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባ መልካም ነገር አለ፤ «አይመለከተኝም» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። ጉዳትም ነበረው። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ ይያዛል፤ ካልወጣም በጋራ ይከፍላል፤ ቂም ያለውም የጠላቱን ስም ይጠቁማል። ከዚያ የከፋው ሌባሻይ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር። ሌባሻይ ቀርቷል፤ ነገር ግን ምንጩ የማይታወቅ የድምፅ መልእክት ተከትሎ ወደ ሰው ቤት መሮጥ ከሌባሻይ በምን ይለያል? ከአውጫጭኝ የምንወስደው የጋራ ኃላፊነቱን ነው። የጋራ ቅጣቱንና ጥቆማን እንደ ፍርድ መቁጠሩን እንተወዋለን።

ሕጉ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው ወንጀል መፈጸሙን የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፖሊስም የደረሰው ጥቆማ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ምርመራ መጀመር አለበት። ስለዚህ «ልጄ ጠፋ» ብላ የመጣችን እናት «ዘመድ ቤት ሄዶ ይሆናል፣ ነገ ተመለሺ» ብሎ መሸኘት ሥራን አለመሥራት ነው። በእገታ ወንጀል የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሕይወትና በሞት መካከል ያሉ ሰዓታት ናቸው።

ቤት ሲፈተሽ ደግሞ መሠረቱ የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ነው። ፖሊስ ያለ ትእዛዝ መፈተሽ የሚችለው ሕጉ ለይቶ ባስቀመጣቸው አስቸኳይ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተያዘው ዕቃ ይዘረዘራል፤ ሲቻልም ዝርዝሩን ገለልተኛ ሰው ያረጋግጠዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ክብር ይጠብቃል፤ አንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ይከለክላል። እነዚህ ድንጋጌዎች ወንጀለኛን ለማስመለጥ የወጡ አይደሉም። በዱላ የተገኘ የእምነት ቃል ትክክለኛው ገዳይ ውጭ እንዲቀር ያደርጋል፤ ያለ ዝርዝር የተወሰደ ዕቃም ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይወድቃል። የሟች ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ይበደላል።

ወንድሞችና እህቶች፤ እኛስ ምን እናድርግ? ሰው ሲጠፋ ወዲያውኑ ለፖሊስ እናመልክት፤ ያመለከትንበትን ቀንና ሰዓት፣ የተቀበለንን ሰው ስም እንጻፍ። አጋች ከደወለ የደወለበትን ቁጥርና ሰዓት፣ ገንዘብ አስገቡበት ያለውን የባንክ ሂሳብ እንያዝ፤ ከስልካችን ላይ አንድም ነገር አናጥፋ። ፍለጋ ስንወጣ በቡድን እንውጣ፤ ኢማሙም ቄሱም፣ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አብረው ይውጡ። የተገኘው ነገር የሚመሰከረው ያኔ በአንድ ወገን አፍ ብቻ አይሆንም። በገደል አፋፍ፣ በወንዝ ዳር ወይም በጅምር ቤት ውስጥ ልብስ፣ ጫማ ወይም አስከሬን ከተገኘ አንንካ፣ አንርገጥ፤ ሰው እናቁምና ፖሊስ እስኪደርስ ቦታውን እንጠብቅ። የሟችን ገላ ፎቶ አንስቶ መበተን ማስረጃን ያበላሻል፣ የሟችን ክብር ይነካል፣ እናትንም ዳግም ይገድላል። ያየ ሰው ያየውን ብቻ ይናገር፤ የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ ይናገር።

ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቅበት አንድ ነገር አለ። ጀናዛን ማፋጠን የዲናችን ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ የአስከሬን ምርመራ ሲጠየቅ ቅሬታ ይፈጠራል። የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች ግን የአሟሟት ምክንያት ለፍርድ ማወቅ ግድ ሲሆን ምርመራውን ፈቅደዋል፤ የሟች ክብር ይጠበቅ፣ ከሚያስፈልገው በላይም አይታለፍ ብለው። ያልተመረመረ አስከሬን ከተቀበረ በኋላ ጥያቄውን ዳግም ማንሳት ከባድ ነው። ኡለማዎቻችን ይህን በጁሙዓ ኹጥባ እንዲያስረዱልን እንጠይቃለን። ሆስፒታሎችም ጀናዛውን ከሚገባው በላይ እንዳያቆዩብን እንጠይቃለን።

ያልተገኙትንም አንርሳ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ብዙዎቹ የአማራ ክልል ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከዓመት ዓመት መልስ ሲጠብቁ ኖረዋል። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ተስፋም አይቆርጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወሬው ለሁለት ዓመት ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲነገር ለማመልከት ይፈቅዳል። ሸሪዓችንም መፍቁድ ስለሚባለው ሰው ሥርዓት አለው፤ ዑመር (ረ.ዐ.) የጠፋ ሰው ሚስት አራት ዓመት እንድትጠብቅ መፍረዳቸው የታወቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሩቅ አገር ለሞተው ለሐበሻው ነጃሺ መዲና ላይ ሆነው ሰላተል ጀናዛ ሰግደዋል። ሞቱ የተረጋገጠ፣ ገላው ግን በእጃችን ያልገባ ሰው ዱዓእም ክብርም አለው። «ሞቷል» ለማለት ግን መጀመሪያ እውነቱ መታወቅ አለበት፤ እውነቱን የማሳወቅ ግዴታም የመንግሥት ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችንን በሰላማዊ መንገድ ደግመን እናቀርባለን። የጠፉ ሰዎች ማመልከቻ ሁሉ ይመዝገብ፤ ምርመራው የደረሰበት ለቤተሰብ በየጊዜው ይነገር። በሚያዝያ 18ቱ ጥቃት ማን ምን እንዳደረገ፣ በማን ላይ ምን እንደተፈረደ ለሕዝብ ይገለጽ። ፍትሕ ሊጠይቅ አደባባይ በወጣ ሐዘንተኛ ላይ ጥይት አይተኮስ። ምስክር ይጠበቅ፤ ያየውን የሚናገር ሰው ማታ ቤቱን እየፈራ አይደር።

እኛም ለጎረቤታችን የምንገባው ቃል አለ። የጠፋው ልጅ የክርስቲያን ልጅ ቢሆን እንደ ልጃችን እንፈልገዋለን። ተጠርጣሪው የእኛ ወገን ቢሆን አንሸሽገውም። የጠፋው የእኛ ልጅ ሲሆንም ከጎረቤታችን የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

አላህ የጠፉትን ወደ ቤታቸው ይመልስልን፤ የተገደሉትን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብሩን ይስጥልን፤ ሐቁንም ያውጣልን። አሚን!