በሕግ አምላክ! ወንዛችንን መልሱልን

አባቶቻችን “በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል” ይሉ ነበር። እኛ ሬኮ ላይ ያየነው ግን ተቃራኒውን ነው። ሕጉ ቆሟል፤ ቆሻሻው ይወርዳል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲታጠብ ዝልግልጉ ሁሉ ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህ እጣቢ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ይኮመጥጣል፣ ይገማል፣ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ አንድ ማጠቢያ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ልጅ ነው። “ጋሼ፣ እኛ እኮ ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ተወጥተናል፤ ለትምህርት ቤቱ ወንበር ሰጥተናል” አለኝ። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የሚጠጡት ምኑን ነው? አንድ ቢሮ ሄደን አቤት ብንል ደግሞ “ባለሀብት አታስከፉ” ተባልን!

ጎበዝ! ኃላፊነት ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው፣ “አንተ ምን አገባህ?” ሳይባል፣ በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ወይም ውሳኔው ቅር ካሰኘው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ሕግ ሲፈለግ እንዴት እንደሚሮጥ አይተናል እኮ! በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አሜሪካ ድረስ ሄዶ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ጋር ተፋጥጦ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ተስማማ። እሰየው! በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እልል ብለናል። ታዲያ ለቡናው ስም ውቅያኖስ የተሻገረ ሕግ ለወንዙ ሲሆን ከዲላ ሬኮ መድረስ አቃተው?

“ጉድጓድ ማስቆፈር ወጪ ነው” ይሉናል። ወጪ ነው እንጂ! ግን ወጪው ዛሬም አልቀረም፤ እንስራ አዝላ ሩቅ ምንጭ የምትወርደው እናት እየከፈለችው ነው። የእሷን ድካም በትርፍ መዝገብ ላይ መጻፍ ንግድ ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ቢሆኑ “የገበሬው ነን” ብለው አያመልጡም። ወንዝ የባለቤት ስም አይጠይቅም።

እኔ ማመልከቻዬን ጽፌአለሁ፤ አብሮኝ የሚፈርም እፈልጋለሁ። ማጠቢያው ሥራ ጀምሮ እጣቢው ወንዝ የገባ ዕለት እናስገባለን፤ ከዚያ ቀን እንቆጥራለን። 30 ቀን። መልስ ከሌለ በ31ኛው ፍርድ ቤት ነን።

በሕግ አምላክ!