አንበሳውን አልፋችሁ ግቡ
«ብሔራዊ! ብሔራዊ!» ይላል ወያላው፡፡ ሰፈሩም ብሔራዊ፣ ፌርማታውም ብሔራዊ ነው፡፡ አንበሳው ሥር እንቀጣጠራለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንበተናለን፡፡ (ምስኪን አንበሳ! ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ሲቀርጸው የቀጠሮ ምልክት ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስለንም፡፡) ቲያትር ቤቱ መግባት ግን የጥቂቶች ሥራ ሆኗል፡፡

የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ ወዲህ ስለ ቅርስ የማያወራ የለም፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን «ብሔራዊ ቲያትር ቅርስ ነው» የሚሉን ሰዎች ቅርሱን ሲዘረዝሩ ግንቡን፣ አዳራሹንና መጋረጃውን ይቆጥሩና ዝም ይላሉ፡፡ መድረኩ ላይ የሚሠራውስ?

እስቲ ታሪኩን እንይ፡፡ ሕንጻውን የጀመረው ጣሊያን ነው፤ ያሰበውም «ሲኒማ ማርኮኒ» የሚባል ፊልም ቤት ነበር፡፡ ጣሊያን ተባረረ፣ ሥራው ተንጠልጥሎ ቀረ፡፡ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተጠናቆ ሲመረቅ ግን የታየው ፊልም አይደለም፤ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ተውኔት ነው፡፡ እንግዲህ «ዘመኑ የፊልም ነው፣ ቲያትር አርጅቷል» የምትሉ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ይህ ቤት ክርክራችሁን ገና በሩ ሲከፈት ጨርሶታል!

ከዚያ ወዲህ ኔርሲስ ናልባንዲያን ከኦርኬስትራው ጋር ደከሙበት፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን መሩት፡፡ አብዮቱ መጥቶ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ሲወርድ ስሙ ብቻ ነው የወረደው፡፡ ተውኔቱ ቀጠለ፡፡ ቤቱን ያቆየው ሲሚንቶው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ይኼኔ አንድ ተራ የስብሰባ አዳራሽ ሆኖ «ክቡራንና ክቡራት» ሲባልበት ይውል ነበር፡፡

እድሳት አንጠላም፡፡ ወንበር ይቀየር፣ ቀለም ይቀባ፣ መብራትም ይተከል፡፡ ግን ለቀለም ብር ሲመደብ ለአዲስ ጸሐፌ ተውኔት ስንት ተመደበ ብሎ የሚጠይቅ ለምን ይጠፋል? ተውኔት እኮ ከወራት ልምምድ በኋላ ነው ለመድረክ የሚበቃው፡፡ ተዋናዩ በነዚያ ወራት ሁሉ ቤት ኪራይ ይከፍላል፡፡ ከልምምድ ወደ ማስታወቂያ ቀረጻ የሚሮጠውም ጥበብ ጠልቶ አይደለም፡፡

«ተመልካች የለም» የሚለውን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን፡፡ ለመሆኑ የአዲሱ ተውኔት ማስታወቂያ የት ተለጠፈ? ስንት ቀን ቀደም ብሎ? መጀመሪያ ይህን ይመልሱልን፡፡