የውሸት ስም እንኳ አጣን

በኮናሚው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ይባሉ ነበር፤ ፈቃድ አልተገዛማ! ስቀንባቸዋል። ዳሩ ግን የውሸት ስምም ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ያሸነፈው ፋሲል ከነማ ያንኑ እንኳ አላገኙም። የብልባላ ልጅ ጨዋታውን ቢከፍት የሚመርጠው የባዕድ ማልያ ብቻ ነው።

«ገበያችን ትንሽ ነው» የሚሉ አሉ። ታዲያ ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ ሊጋቸው ሳይገባ በገዛ ስማቸው ፊፋ ጨዋታ ውስጥ እንዴት ገቡ? ሁለት ክለብ ሊግ አይደለም፤ ለአንድ ልጅ ግን አገር ነው።

ወገኖቼ፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ለሙታን የቆምንለትን ስም በሕይወት ላሉት ክለቦቻችን መጠየቅ ለምን አቃተን?