ከባለቤቱ ያወቀ ሰዓት

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል የአገር ቤት ሰው። ዛሬ በስደት ዓለም የሚኖረው ወገን በክንዱ አስሮት የሚተኛው የእጅ ሰዓት ግን ስለ እንቅልፉ ከባለቤቱ በላይ አውቃለሁ ባይ ሆኗል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ወይም በመጦሪያ ቤት አረጋውያንን ሲያገላብጥ አድሮ ቀን የሚተኛው ሠራተኛ፣ ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰውነቱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። «ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝተሃል» ካለው፣ ዓይኑ እየተከደነ መሪ ይጨብጣል።

ለመሆኑ ሰዓቱ ይህን ከየት አወቀው? እንቅልፍ የአንጎል ሥራ ነው። በሕክምና ተቋም የሚደረገው የእንቅልፍ ምርመራ በራስ ቅል ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የአንጎልን ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም የዓይንን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻን ውጥረት፣ ትንፋሽንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይለካል። የእጅ ሰዓት አንጎልን አያይም። የክንድን እንቅስቃሴ ይቆጥራል፤ በቆዳ ላይ በሚያበራው ብርሃን የልብን ምት ይከታተላል፤ የቀረው ግምት ነው። ስለዚህ የቤት ኪራዩንና አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ እያሰላ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የሚውለውን ሰው፣ ሳይንቀሳቀስ ከተጋደመ፣ ብዙ ጊዜ «ተኝቷል» ብሎ ይመዘግበዋል። ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ጉድለትም ይኸው ነው። «ጥልቅ እንቅልፍ» እያለ የሚቆጥረው ደቂቃማ ከዚህም ያነሰ እምነት የሚጣልበት ነው።

ጥቁር ሕዝብ በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በጣት ላይ ብርሃን እያበሩ ኦክሲጅን የሚለኩ የሆስፒታል መሣሪያዎች የጥቁር ሕሙማንን የኦክሲጅን ማነስ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚስቱ አሳይቷል። ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ በብርሃን የሚለካ የእጅ ሰዓት የሚያወጣው የኦክሲጅን ቁጥርም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ይህ ሲባል ሰዓቱ ይጣል ማለት አይደለም። የመኝታንና የመነሻን ጊዜ ለመከታተል ይረዳል። በ2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንዳንድ ሰዓቶች በእንቅልፍ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መቆራረጥን እንዲጠቁሙ ፈቅዷል። ጥቆማ ግን ምርመራ አይደለም፤ የሰዓቱ ዝምታም የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚባንን፣ ቀይ መብራት ላይ የሚያሸልብ ሰው፣ ሰዓቱ መቶ ከመቶ ቢሰጠው እንኳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እያንጎላጀ የሚነዳ ሰው አደጋው ለራሱ ብቻ አይደለም። የድካም ባለቤት ሰውነት ነው፤ ምስክርነቱም ከሰዓቱ ይቅደም።