ዘረመል ፍርድ አይደለም

ጋብቻ ሲታሰብ «በዘራቸው የአእምሮ ሕመም አለ ወይ?» ብሎ ማጣራት በማኅበረሰባችን የቆየ ልማድ ነው፤ ባሕር ስንሻገርም አብሮን ተሻግሯል። ለእኅቱ ሽማግሌ የሚላክባት ቀን እስኪያልፍ ድረስ የታመመ ወንድም ይሸሸጋል፤ ከእርሱም ጋር ሕክምናው ይዘገያል።

ጥያቄው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ ካለባቸው ሕመሞች አንዱ ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ በዕድሜ ዘመኑ የሚያዘው ከ100 ሰው 1 ገደማ ሲሆን፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ለታመመበት ሰው ግን አደጋው ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ይህ ማለት ግን ከእነዚህ 10 ሰዎች 9ኙ አይታመሙም ማለት ነው። ከአንድ ፅንስ የተገኙ ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንዳቸው ሲታመሙ ሌላኛው ሳይታመም የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሕመሙን ብቻውን የሚያመጣ አንድ «የእብደት ዘር» የለም። በ2022 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል። አደጋውን በእጅጉ ከፍ የሚያደርጉ ጥቂት ብርቅ ለውጦች ቢኖሩም፣ በብዛት የሚገኙት ለውጦች እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን ጤነኞች ነን የምንል ሁላችንም ተሸክመናቸዋል። እንግዲህ «ንጹሕ ዘር» ማን ዘንድ ይገኛል?

በዚህ ላይ ሕይወት የራሷን ትጨምራለች። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም ችግር፣ በጉርምስና ዕድሜ ካናቢስ ማጨስ አደጋውን ከሚያባብሱት መካከል ናቸው። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶችም ሕመሙ በስደተኞችና በልጆቻቸው ላይ ከነባሩ ሕዝብ ይልቅ እንደሚበዛ ደጋግመው አሳይተዋል። ድንበር መሻገር ዘረመልን አይለውጥም፤ ብቸኝነትና መገለል ግን አእምሮን ይጎዳሉ። ስለዚህ እኛ ስደተኞች የታመመውን ማግለላችን በቁስል ላይ እሾህ መጨመር ነው።

የቤተሰብ የጤና ታሪክ ትልቅ ዋጋ ያለው መረጃ ነው፤ ትክክለኛ ስፍራው ግን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሳይሆን የሐኪም ክፍል ነው። ልጃችን ከሰው ሲሸሽ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፣ «አጎቱም እንዲህ ነበር» የሚለውን ቃል ለሐኪሙ ሳንፈራ እንናገር። ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር የማገገም ተስፋው ይሰፋልና። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።